ቡድን ሆናችሁ የኬሚስትሪ ጽሑፍ ለውክፔዲያ ጻፉ፦ ከቁጥሩ ጀምሩ

አማርኛው ውክፔዲያ ላይ ስለ አንድ ኬሚካል ፈልጋችሁ ሁለት መስመር ብቻ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ወይ ጭራሽ ምንም? ይህን የሚጽፍ ተቀጣሪ የለም። የሚጽፉት በትርፍ ጊዜያቸው፣ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። እናንተም ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ኬሚስትሪ ግን ትንሽ ለየት ይላል። ስለ አንድ ከተማ ስትጽፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢዛባ፣ ጽሑፉ ያው ስለዚያው ከተማ ነው። ኬሚካል ላይ አንድ አሃዝ ከሳታችሁ ግን ስለ ሌላ ነገር እያወራችሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተከፋፍሎ መሥራት ያዋጣል፤ አንዱ ያስገባውን ሌላው ያጣራል። ቅደም ተከተሉንም ብትገለብጡት ይሻላል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ጽፎ ቁጥሩን መጨረሻ ላይ ይለጥፋል። እኔ ቁጥሩን መጀመሪያ አጣሩ ባይ ነኝ።

ምሳሌያችን ካፌይን ይሁን። የማያውቀው የለም፤ አብዛኛው ሰው ጠዋት ጠጥቶት ነው ከቤት የሚወጣው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ይህን ለምን እንደተናገርኩ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

1. ሰው አሰባስቡ፣ አካውንት ክፈቱ

ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል። የኬሚስትሪ አስተማሪ ወይም ተማሪ ይኑር። ፋርማሲስት ከተገኘ እሰየው። ኬሚስትሪ የማይወድ፣ አማርኛው ግን የሚጣፍጥ አንድ ሰውም ጨምሩ። እሱን አትናቁት። «ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?» እያለ የሚጨቀጭቃችሁ እሱ ነው። አንባቢያችሁም በአብዛኛው እሱን ነው የሚመስለው።

ሁሉም የየራሱን አካውንት ይክፈት። ለቡድን አንድ አካውንት መጋራት አይፈቀድም። አንድ ቦታ ተሰብስባችሁ በአንድ ዋይፋይ ልትሠሩ ካሰባችሁ አካውንቱን ቀደም ብላችሁ በየቤታችሁ ክፈቱ። ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በቀን የሚከፈተው 6 አካውንት ነው። ሰባተኛው ሰው ቁጭ ብሎ ያያችኋል ማለት ነው።

ቪፒኤን ካበራችሁ አጥፉት። ውክፔዲያ በቪፒኤን በኩል የሚመጣን አርትዖት አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም። «ሳልጀምር ታገድኩ» ብሎ የሚደነግጥ አዲስ ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁት።

2. ርዕስ ምረጡ

ለጀማሪ ቡድን ኦጋኔሰንን አልመክርም። 118ኛው ንጥረ ነገር ነው፣ ስሙ በ2016 ጸደቀ፣ እስካሁን የተሠሩት አቶሞቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ወሬው ያስደስታል፣ ግን ማን ይፈልገዋል? ተማሪ የሚፈልገው ጨው፣ ውሃ፣ ብረት፣ አሞኒያ፣ አልኮል ነው። ሐሳብ ካጣችሁ «እያንዳንዱ ውክፔዲያ ሊኖረው የሚገባ» ተብሎ የተዘጋጀ የ1000 ጽሑፎች ዝርዝር አለ። ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ካርቦን፣ ብረት፣ ወርቅ እዚያ ውስጥ አሉ። ከዚያ አንዱን ማንሳት ነው።

እኔ የማደላው ግን ለሌላ ዓይነት ርዕስ ነው። እኛ ልንጽፈው የሚቀለን፣ ሌላው የማይደርስበት ኬሚስትሪ አለ። እንዶድን ውሰዱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ደግሞ እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። የሚገድላቸው ሳፖኒን የሚባል የውህዶች ቤተሰብ ነው። ከውህዶቹ አንዱ በሳቸው ስም ሌማቶክሲን ተባለ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። አንድ ርዕስ ውስጥ ኬሚስትሪውም፣ ታሪኩም፣ ሰዉም አለ። አሞሌ ጨውና ጌሾም እንዲሁ ወረፋ እየጠበቁ ናቸው።

አዲስ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት ፈልጉ። ጽሑፉ በሌላ አጻጻፍ ተደብቆ ይሆናል፤ ካፌይን፣ ካፌን፣ ካፊን። ካለ ያለውን አሳድጉ እንጂ ሁለተኛ አትጨምሩ። አንዱን አጻጻፍ ዋና አድርጉና ሌሎቹ ወደ እሱ እንዲመሩ አድርጉ።

3. ሥራውን ተከፋፈሉ፣ ውሳኔውን ግን ውይይት ገጹ ላይ ጻፉ

መቼም ቴሌግራም ግሩፕ መክፈታችሁ አይቀርም። ክፈቱ፣ ለቀጠሮና ለቀልድ ጥሩ ነው። ግን እያንዳንዱ የውክፔዲያ ጽሑፍ «ውይይት» የሚባል ገጽ አለው። የተስማማችሁበት ነገር ሁሉ እዚያ መስፈር አለበት። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ቴሌግራማችሁን አያይም። «ለምን ይህን ቁጥር መረጡ?» ብሎ መልሱን ካላገኘ በቀና ልቦና ይቀይረዋል።

ክፍፍሉ እንዲህ ቢሆን ይሠራል። አንድ ሰው ቁጥርና መለያ፣ ሌላው ጽሑፉን፣ ሦስተኛው ሥዕሉን ይያዝ። አራተኛ ካለ ምንም ሳይጽፍ የሌሎቹን ይፈትሽ። ዋናው ሕግ፣ ቁጥር ያስገባ ሰው የራሱን ቁጥር አያጸድቅም። ውይይት ገጹ ላይ ስትጽፉ መጨረሻው ላይ አራት ጊዜ የማዕበል ምልክቷን (~~~~) ደርድሩ፤ ስማችሁና ሰዓቱ በራሱ ይገባል።

4. ምንጭ ሳትይዙ አንድ መስመር አትጻፉ

ውክፔዲያ የምታውቁትን የምትጽፉበት ቦታ አይደለም። ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው የሚችለውን የምትጽፉበት ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ራሳችሁ የለካችሁት የመቅለጫ ሙቀት፣ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ እዚህ አይገባም። የታተመ መጽሐፍ፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የግምገማ ጽሑፍ ይገባል።

ለኬሚካል መረጃ ነፃ የሆኑ ጥሩ ቦታዎች አሉ። ፐብኬም የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የመረጃ ቋት ነው፤ ከ2004 ጀምሮ ክፍት ነው። ኬምስፓይደርን የብሪታንያው ሮያል ሶሳይቲ ኦቭ ኬሚስትሪ ይዞታል። ሦስተኛው ኮመን ኬሚስትሪ ነው፤ ታሪኩ እኛን የመሰሉ ሰዎች ያሉበት ስለሆነ ቆም ልበልበት።

ኬሚካሎች እንደ መታወቂያ የሚያገለግል ቁጥር አላቸው፤ የካስ ቁጥር ይባላል። ቁጥሩን የሚሰጠው የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ክፍል የሆነ ተቋም ነው። ዋናው የመረጃ ቋቱ በክፍያ ነው። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የኬሚስትሪ በጎ ፈቃደኞች በሺዎች በሚቆጠሩ ገጾች ላይ ያሉትን ቁጥሮች በእርግጠኝነት ማጣራት ፈለጉና ከተቋሙ ጋር ተነጋገሩ። ተቋሙ ተባበራቸው። በ2009 ኮመን ኬሚስትሪ ለሁሉም ተከፈተ፤ መጀመሪያ ወደ 7,800 ኬሚካሎች ነበሩት። በ2021 ሲታደስ ወደ 500,000 ገደማ ደረሰ። ዛሬ የሚፈትሽ ማንም ሰው በነፃ ይፈትሽበታል።

ሌላ የውክፔዲያ ገጽ ምንጭ አይደለም። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ማየት ትችላላችሁ፣ ግን የተጠቀሰው ምንጭ ድረስ ሂዱና ራሳችሁ አንብቡ። እዚያ የተጻፈውና ምንጩ የሚለው አንዳንዴ አይገናኝም።

5. ቁጥሮቹን አጣሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የካፌይን የካስ ቁጥር 58-08-2 ነው። ይህ ቁጥር ራሱን የሚፈትሽበት መንገድ አለው። የመጨረሻውን አሃዝ ለጊዜው ተዉት። የቀሩትን ከቀኝ ወደ ግራ ደርድሩ፦ 8፣ 0፣ 8፣ 5። የመጀመሪያውን በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን በ3፣ አራተኛውን በ4 አባዙ። 8፣ 0፣ 24፣ 20 ይሆናል። ድምሩ 52። የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ 2 ነው፣ የተዋችሁትም 2 ነው። ገጠመ።

ውሃን ሞክሩ፦ 7732-18-5። ድምሩ 105 ይመጣል፣ 5 ከ5 ይገጥማል። አሁን አንድ ሰው ካፌይንን ሲጽፍ ተሳስቶ 58-80-2 አለ እንበል። ድምሩ 60 ይሆናል። 0 እና 2 አይገጥሙም፤ ስህተቱ ወዲያው ተያዘ። በወረቀትና በእስክሪብቶ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ ግን የጽሕፈት ስህተትን እንጂ አንዱን ኬሚካል በሌላው መሳትን አይዝም። ሻይ ውስጥ ያለው ቲዮፊሊን 58-55-9 ነው። ካካዎ ውስጥ ያለው ቲዮብሮሚን 83-67-0 ነው። ሁለቱም የካፌይን የቅርብ ዘመዶች ናቸው፣ ሁለቱም ፈተናውን ያልፋሉ። የቲዮፊሊንን ቁጥር ካፌይን ገጽ ላይ ብትለጥፉ ሒሳቡ ዝም ይላል። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ቁጥሩን ኮመን ኬሚስትሪ ላይ ፈልጎ የሚወጣውን ስምና ሥዕል ማየት አለበት።

ቀጥሎ የሞለኪውል ክብደት። የካፌይን ቀመር 8 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅን፣ 4 ናይትሮጅን፣ 2 ኦክስጅን ነው። በየአቶሙ ክብደት አባዝታችሁ ስትደምሩ 194.19 ግራም በሞል ይወጣል። የጽሑፉ ጎን ላይ በሚቀመጠው የመረጃ ሣጥን ውስጥ ካለው ጋር ካልተገናኘ፣ ወይ ቀመሩ ወይ ክብደቱ ተሳስቷል። እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። ቲዮፊሊንና ቲዮብሮሚን እርስ በርሳቸው ቀመራቸው አንድ ነው፣ ክብደታቸውም አንድ ነው። የሚለያቸው የአቶሞቹ አቀማመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ፈተና አይበቃም፤ ቁጥሩ፣ ቀመሩ፣ ሥዕሉ ሦስቱም መስማማት አለባቸው።

መለኪያ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ካፌይን በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 2 ግራም ያህል ይሟሟል። አንዱ ምንጭ «2» ይላል፣ ሌላው «20» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ በ100 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው በሊትር ነው። መለኪያውን ትታችሁ ቁጥሩን ብቻ ከገለበጣችሁ አሥር እጥፍ ሳታችሁ። የሙቀት መጠኑንም አትተዉ። የፈላ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው መጠን ከሠላሳ እጥፍ በላይ ነው።

ረጃጅም መለያዎችን በእጅ አትጻፉ። ኢንቺኪ የሚባለው መለያ 27 ቁምፊ አለው። ኮፒ፣ ፔስት፣ አለቀ። ቀመርና የንጥረ ነገር ምልክት በላቲን ፊደል ይቀመጥ፤ ዓለም አቀፍ ስለሆነ ወደ ፊደላችን አይመለስም። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። የካፌይን ሌላ ስሙ 1,3,7-ትራይሜቲልዛንቲን ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ቁጥሮቹን በኛው ነጠላ ሰረዝ እንዳይለያቸው እዩ፤ እንዲያ ከሆነ ፍለጋ ላይ አይገኝም።

የመረጃ ሣጥኑ መለጠፊያ (ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ ቅጽ) ከሌለ ወይም ቀይ ጽሑፍ እያወጣ ካስቸገረ፣ ተራ ሠንጠረዥ ሥሩና ቀጥሉ። መለጠፊያ ለመጠገን ሁለት ሳምንት አባክኖ አንድ ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ ቡድን ሞልቷል።

6. አሁን ጻፉ

በመለማመጃ ገጽ ላይ ጀምሩ፤ ከአባል ገጻችሁ ሥር ልትከፍቱት ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማንም የሚገባው ይሁን። «ካፌይን ቡና፣ ሻይና ካካዎ ውስጥ የሚገኝ፣ እንቅልፍን የሚያባርር፣ መራራ ነጭ ውህድ ነው» ይበቃል። የዛንቲን ቤተሰብ ምናምን ሁለተኛው አንቀጽ ይድረሰው።

ከዚያ ታሪክ ግቡ። ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ ካፌይንን ከቡና ለይቶ ያወጣው በ1819 ነው። ባለቅኔው ጎተ የቡና ፍሬ ሰጥቶ «ይህንንም መርምርልኝ» ብሎት ነበር። ሌላ ምንጭ ስታነቡ 1820 ታገኛላችሁ፤ ውጤቱ በመጽሐፍ የታተመበት ዓመት ነው። ሁለቱንም፣ ምን እንደሆኑ ለይታችሁ ጻፉ። ሌላው ጀርመናዊ ኬሚስት ኤሚል ፊሸር ደግሞ በ1895 ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠራው።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር እዚህ ይመጣል። አማርኛ ላይ «1819» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም። «ዓ.ም.» ካላችሁ አንባቢው በኛ አቆጣጠር ይወስደዋል፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይስታል። ወሩን ካላወቃችሁ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለወጡ ራሱ ግምት ነው፤ 1811 ወይ 1812 ይሆናል። እኔ ብሆን ለሳይንስ ታሪክ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ እንዳለ እተወዋለሁ። ቡድኑ አንዱን ይምረጥ፣ ውይይት ገጹ ላይ ይጻፈው፣ ከላይ እስከ ታች ይጠብቀው።

በማሽን ትርጉም የተሠራ ረጅም ጽሑፍ ከምትጭኑ አምስት ጥሩ አንቀጽ ጻፉ። ማሽኑ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨው «መፍትሔ» ያደርገዋል፣ ቤዝን «መሠረት» ያደርገዋል፤ አንባቢው ግራ ይጋባል። ከእንግሊዝኛው ገጽ ራሳችሁ ከተረጎማችሁ፣ ስታስቀምጡ ምን እንደለወጣችሁ በምትገልጹበት ማጠቃለያ ላይ ከየትኛው ገጽ እንደተረጎማችሁ ከነማገናኛው ጥቀሱ። የውክፔዲያ ጽሑፍ የሚወጣበት የአጠቃቀም ፈቃድ ይህን ግድ ይላል።

7. ሥዕል

ፎቶ ከጉግል አንስቶ መጫን የለም። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ያለውን ማንኛውንም ፋይል ግን መጠቀም ይቻላል። የካፌይን መዋቅር እዚያ በብዙ ዓይነት ተሥሎ ይገኛል። ከመምረጣችሁ በፊት ቁጠሩ፤ 4 ናይትሮጅን፣ 2 ኦክስጅን፣ 3 ሜቲል። ሲጎላ የማይደበዝዘውን፣ ኤስቪጂ የሚባለውን ዓይነት ምረጡ። ራሳችሁ ያነሳችሁት ፎቶ ካለ በጣም ጥሩ። በግመል የተጫነ አሞሌ ጨው፣ ከዘለላው ላይ ያለ እንዶድ፣ የሚቆላ ቡና… ይህን ከናንተ ውጭ ማን ይጭነዋል?

8. ጤናና አደጋ

እዚህ ፋርማሲስታችሁ ይሥራ። አይጥ ላይ በተሠራ አንድ ጥናት ተነስታችሁ «ካፌይን ይህን ይፈውሳል» አትበሉ። የብዙ ጥናቶችን ውጤት የገመገመ ተቋም ፈልጉ። ለምሳሌ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ባወጣው ግምገማ፣ ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ስጋት አይፈጥርም ይላል፤ ለነፍሰ ጡር 200። እንዲህ ያለውን ማን እንዳለው ጠቅሳችሁ ጻፉ። «በቀን ይህን ያህል ጠጡ» የሚል ምክር ግን የውክፔዲያ ሥራ አይደለም። የአሠራር ቅመማም እንደዚያው፤ ኬሚካሉ በምን ዘዴ እንደሚመረት መግለጽ ይቻላል፣ ደረጃ በደረጃ የሚያሠራ መመሪያ ግን አይገባም።

9. አውጡት፣ ከዚያ ተከታተሉት

ከመለማመጃው ወደ ጽሑፉ ዋና ገጽ ስታዛውሩት ተስማሚውን መደብ ጨምሩ፣ በየቋንቋው ያሉ ጽሑፎች በሚያያዙበት ዊኪዳታ ላይም ከሌሎች ቋንቋዎች ጽሑፍ ጋር አገናኙት። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ካልተገናኘ የእንግሊዝኛውን የሚያነብ አበሻ አማርኛው መኖሩን አያውቅም።

አንድ ቀን የማታውቁት ሰው መጥቶ የጻፋችሁትን ይቀይራል ወይም ያጠፋል። እልህ አትጋቡ። መልሳችሁ ከመጫናችሁ በፊት ውይይት ገጹ ላይ ጠይቁት። ምናልባት የተሻለ ምንጭ ይዟል። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አንድን ገጽ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ መመለስ ያሳግዳል። ቴሌግራም ላይ «ኑ ድምፅ ስጡልን» ብሎ ጓደኛ መጥራትም ነውር ነው። ክርክሩ የሚያልቀው በምንጭ እንጂ በሰው ብዛት አይደለም።

ገጹን ሁላችሁም መከታተያ ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡ። ኬሚስትሪ ላይ ከስድብ ይልቅ የሚያሰጋው አንድ አሃዝ ብቻ ለውጦ የሚሄድ ሰው ነው፤ 235 የነበረው የመቅለጫ ሙቀት 253 ይሆናል፣ ማንም አያስተውለውም። ማጠቃለያ የሌለው ትንሽ ለውጥ ስታዩ ታሪኩን ክፈቱና ልዩነቱን እዩ። ውይይት ገጹ ላይ ከመዘገባችሁት ቁጥርና ምንጭ ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ መልሱት፣ ማጠቃለያው ላይም ምንጩን ጥቀሱ።